መጾም የተማረ ወባ

ታናሽ ወንድሜን ለአራት ዓመት ያህል ውሸታም አድርጌው ኖርኩ። የክሱ ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ «መድኃኒቱን አልጨረስክም»። እሱ ጨርሻለሁ ይላል። እናቴ ጨርሷል ትላለች። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጬ ሁለቱንም በስልክ እየሰማሁ «እኔን አትሸውዱኝ» እላለሁ። ባዮሎጂ የተማረው እኔ ነኛ!

ነገሩ የሆነው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። ወንድሜ ከመተማ፣ ከሰሊጥ አጨዳ፣ ወደ ሮቢት ተመለሰ። ሮቢትን ለማታውቋት፣ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ጎብዬን አልፋችሁ ቆቦ ሳትደርሱ የምታገኟት የራያ ቆላ ከተማ ናት። በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሞባታል፤ በስተምሥራቅ ሜዳው እስከ ዞብል ተራሮች ተዘርግቷል፤ በመሀል ያለው ማሽላ ነው። ማሽላ፣ ጤፍ፣ ከዚያ ደግሞ ማሽላ። ዝናቡ ሲከዳ (የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ መክዳት ልማዱ ነው) ጎረምሳው ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። ሲመለስ ትንሽ ብር፣ አንድ አዲስ ጫማና ወባ ይዞ ይመጣል። ወንድሜም ሦስቱንም ይዞ መጣ።

ደሙ ታየ፤ ፋልሲፓረም ተባለ፤ ገዳዩ ዓይነት ማለት ነው። ኳርተም ተሰጠው። ጠዋት አራት፣ ማታ አራት፣ ለሦስት ቀን፣ በድምሩ 24 ፍሬ። እናቴ እያንዳንዱን በወተት አስዋጠችው። ወተቱ የእናት ርኅራኄ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በክኒኑ ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ፣ ሉመፋንትሪን የሚባለው፣ ቅባት ካላገኘ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይገባም። በሦስተኛው ቀን ማታ የመጨረሻዎቹን አራት ዋጠ። በማግስቱም ሰውነቱ እንደጋለ ነበር። እናቴ «ይሄ ልጅ ደህና አይደለም» ብላ እየጎተተች መልሳ ወሰደችው። ደሙ እንደገና በማይክሮስኮፕ ታየ። ወባው አለ።

ያየው ባለሙያ (ስሙንም ቦታውንም ተዉት) ቀና ብሎ «አልዋጥከውም» አለው። እናቴ «የኔ ጌታ፣ እኔው ነኝ በእጄ ያስዋጥኩት» ብትል ባለሙያው ፈገግ አለ። እናቶች ለልጆቻቸው ሲዋሹ ማየት የለመደ ሰው ፈገግታ ነበር አሉ። ያ ፈገግታ እናቴን ከምንም በላይ አሳመማት። ሌላ እሽግ ታዘዘለት፣ ዋጠ፣ ከሳምንት በኋላ ዳነ።

እኔ ስልክ ሲደወልልኝ የባለሙያውን ወገን ያዝኩ። ለምን ብትሉ፣ ቤታችንን ስለማውቀው። በእኛ ቤት መድኃኒት እንደ ዘር እህል ነው፤ ተርፎ ለሚቀጥለው ይቀመጣል። ልጆች ሳለን አንዳችን ትኩሳቱ በለቀቀው ቀን የቀረው ክኒን በወረቀት ተጠቅልሎ ወደ እናቴ ሙዳይ ይገባል። የሚቀጥለው ሰው ሲያተኩሰው ከዚያው ይወጣል። «ጎረምሳ ነህ፣ ትንሽ ሲሻልህ ትተኸዋል» አልኩት። «ወላሂ ጨርሻለሁ» አለኝ፤ በወሎ ደግሞ ወላሂ ለማለት የግድ ሙስሊም መሆን አያስፈልግም። መዳኑ ራሱ በእኔ ዘንድ የክሱ ማስረጃ ሆነ፤ «አየህ፣ በሁለተኛው ስትውጠው ተሻለህ!» 

ባዮሎጂ የተማርኩት እንዴት እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ። ዘጠነኛ ክፍል ነን። ወሩ ጥቅምት ነው። ከክፍሉ ሲሶው የለም፤ የቀረው ወይ ማማ ላይ ሆኖ ወፍ ከማሽላ ይጠብቃል፣ ወይ ቤቱ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። (ማሽላው የሚያሽተውና ወባው የሚበረታው በአንድ ወቅት ነው። ማማ ላይ ያደረውን ደግሞ ትንኟ አትምረውም።) መምህሩ ጠመኔውን አንስቶ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ ኢንዶሳይቶሲስ። ከሥሩ ሁለት ቀስት አወረደ፤ ፋጎሳይቶሲስ፣ የሕዋስ መብላት፤ ፒኖሳይቶሲስ፣ የሕዋስ መጠጣት። ከጎኑ እንደ ፈሰሰ ሊጥ ያለ አሜባ ሳለ፤ አሜባው እግር የመሰለ ነገር ዘርግቶ አንዲት ፍርፋሪ ያቅፋል። ገለበጥን። ፈተና ላይ መጣ። መለስን። ረሳነው። ከጎኔ ወንበሩ ባዶ የሆነው ልጅ ደም ውስጥ በዚያችው ሰዓት ይኸው ነገር እየተፈጸመ እንደነበር የነገረን የለም። ለመምህሩም የነገረው ያለ አይመስለኝም። ኢንዶሳይቶሲስ ለእኛ የእንግሊዝኛ ቃል ነበር፤ ወባ ደግሞ የአማርኛ። ሁለቱ የሚገናኙበት ደብተር አልነበረንም።

እስቲ አሁን ዘግይቼም ቢሆን ላገናኛቸው። ትንሽ ታገሱኝ፤ ወንድሜ ጋ እመለሳለሁ።

እያንዳንዱ ሕዋስ በሥሥ ሽፋን ተከቧል። ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለሁለት መቶ ሺህ ቢከፈል የሚደርሰው ማለት ነው። የተሠራው በአብዛኛው ከቅባት ነው፤ ቅባቶቹ በሁለት ረድፍ፣ ራሳቸውን ወደ ውኃው፣ ጭራቸውን ወደ መሀል አድርገው ተደርድረዋል። ወተት ሲፈላ ከላዩ የሚሰፍረውን ስልባቦት አስቡት። ለስላሳ ነው፣ ይዋልላል፣ ግን ዝም ብሎ በራሱ ተጠቅልሎ ኳስ አይሆንም። የሕዋስ ሽፋንም እንዲሁ ነው፤ ለማጉበጥ ጉልበት ይጠይቃል። ጨውና ስኳርን የመሰለ ትንሽ ነገር በሽፋኑ ላይ ባሉ በሮች ያልፋል። ትልቅ ነገር ግን፣ ለምሳሌ አንድ ሙሉ ፕሮቲን ወይም አንድ ባክቴሪያ፣ በእነዚያ በሮች አይገባም። ስለዚህ ሕዋሱ ግድግዳውን ራሱን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። መጀመሪያ ጎድጓዳ ይሆናል፤ ጎድጓዳው ይጠልቃል፤ አፉ ይጠባል፤ በመጨረሻ ተቆርጦ እንደ አረፋ ወደ ውስጥ ይንሳፈፋል። እንግዳው ገባ፤ ቤቱ ግን ለአንድ አፍታ እንኳ ክፍት አልሆነም።

ይህን የሚያጎብጡ ፕሮቲኖች አሉ። በጣም የታወቀው ክላትሪን ይባላል፤ ሦስት እግር ያለው ነው። እግር ለእግር ሲጠላለፍ ባለአምስትና ባለስድስት ጎን ቀዳዳዎች ያሉት ቅርጫት ይሠራል። ስፌት የሚሰፉ ሴቶች ይህን ከማንም ቀድመው ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። ሰፌድ ሆኖ የሚቀረውና ወደ ላይ ተነሥቶ መሶብ የሚሆነው ጅማሬያቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው አሰፋፉ ነው። ክላትሪንም ባለስድስት ጎኑን ብቻ ቢደረድር ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ባለአምስት ጎን ሲያስገባበት ነው መጉበጥ የሚጀምረው። የድሮውን ጥቁርና ነጭ ኳስ ያየ ሰው ጥቁሮቹ ለምን ባለአምስት ጎን እንደሆኑ ከዚህ ይረዳል። ከዚያ አንገቱ ላይ ዳይናሚን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይጠመጠማል፤ የአቁማዳን አፍ በጠፍር እንደማሰር ነው። ብቻ ይሄኛው አጥብቆ፣ አጥብቆ፣ መጨረሻ ላይ ይበጥሰዋል።

ይህ ቅርጫት መጀመሪያ በደንብ የታየበት ቦታ ደግሞ ይገርማችኋል። ቶማስ ሮትና ኪዝ ፖርተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት ሥራ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩት የትንኝ እንቁላል ነበር! የእኛዋ የወባ ትንኝ አይደለችም፤ ዴንጌና ቢጫ ወባ የምታስተላልፈዋ ኤዲስ ኤጂፕታይ ናት። ሴቷ ደም ከመጠጠች በኋላ በማደግ ላይ ያሉት እንቁላሎቿ ሽፋን በትንንሽ ጎድጓዳዎች ይሞላል። እያንዳንዱ ጎድጓዳ በጸጉራም ነገር የተለበጠ ነው፤ በዚያ በኩል ነው ለጫጩቷ ስንቅ የሚሆነው ፕሮቲን የሚገባው። ጸጉራሙ ነገር ክላትሪን የሚለውን ስም ያገኘው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በባርባራ ፒርስ ነው። እንግዲህ ማማ ላይ እኛን የምትነክሰዋም ትንኝ ደማችንን የምትፈልገው ለራሷ ጥጋብ አይደለም፤ እንቁላሎቿ ይዋጡ ዘንድ ነው። ለራሷ የአበባ ማር ይበቃታል።

በእኛም በኩል የሚውጥ አለ። ልጅ ሆነን ሆዳችን በግራ በኩል ሲነፋ «ጣፊያ ነው» ይባል ነበር፤ እውነትም ጣፊያ ነው። ጣፊያ ውስጥ ያሉ በላተኛ ሕዋሳት የተበላሸውንና ወባ ያለበትን የደም ሕዋስ እያቀፉ ይውጣሉ፤ ሥራ ሲበዛባቸው ጣፊያው ያብጣል። መምህራችን የሳለው የአሜባ ሥዕል በሆዳችን ውስጥ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቀይ የደም ሕዋስ በዚህ ድግስ የለበትም። ከመቅኒ ወጥቶ ሲበስል ኒውክለሱን ጥሎ፣ የመዋጫ መሣሪያውንም አራግፎ ነው። ሄሞግሎቢን የሞላበት ከረጢት ነው ብትሉት አትሳሳቱም። እንግዳ መዋጥ አይችልም። ታዲያ ወባው እንዴት ገባ? ራሱን እየገፋ። ጫፉን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር አጣብቆ፣ በራሱ ሞተር፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይገባል። ሽፋኑ ግን አይቀደድም፤ እንደ ጋቢ እየተጠቀለለበት አብሮ ይገባል። ስለዚህ ወባው ውስጥ ሲቀመጥ ከራሱ ሽፋን በላይ ሌላ ሽፋን ለብሶ ነው።

ውስጥ ሆኖ ደግሞ ይርበዋል። ዙሪያውን ሄሞግሎቢን ነው፤ ግን በእሱና በምግቡ መካከል ሁለት ሽፋን አለ። ምን ያደርጋል? አፍ ይከፍታል። በእውነት አፍ ነው፤ ሳይንሱም ሳይቶስቶም ሲል የሕዋስ አፍ ማለቱ ነው። ሁለቱም ሽፋኖች አብረው ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ፤ ጉርሻው ተቆርጦ አሲድ ወዳለበት ሆዱ ይወርዳል። በሁለት ቀን ዕድሜው ከሕዋሱ ሄሞግሎቢን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይበላል። ሄሞግሎቢን ሲፈጭ ግን ብረት ያለበት ሄም የሚባል ነገር ይተርፋል፤ ይህ ለወባው መርዝ ነው። ስለዚህ ወደ ቡናማ ክሪስታል እየቀየረ ያከማቸዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ወባን ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ዓይኑን የሳበው ይኸው ጥቁር ነጠብጣብ ነበር።

የመድኃኒቶቻችን ታሪክ ብዙው በዚህ ሆድ ዙሪያ ነው። ክሎሮኪን ክሪስታሉ እንዳይሠራ ያግዳል፤ ወባው በራሱ ትርፍራፊ ይመረዛል። ወባው ግን ክሎሮኪንን ከሆዱ መትፋት ተማረ። አገራችን ለፋልሲፓረም ክሎሮኪንን እ.ኤ.አ. በ1998 ትታ ወደ ፋንሲዳር ሄደች። ፋንሲዳር በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ብዙም አልቆየ። የ2003ቱ ወረርሽኝ አልፎ በ2004 ኳርተም መጣ። በኳርተም ውስጥ ከሉመፋንትሪን ጋር ያለው የአርቲሚሲኒን ዘር ነው፤ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከአንድ የአሪቲ ዘመድ ከሆነ ቅጠል አግኝታው በ2015 የኖቤል ሽልማት የወሰደችበት።

አርቲሚሲኒን የሚገድልበት መንገድ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። በራሱ ብዙም አይተናኮልም። የሚቀሰቅሰው ከተፈጨው ሄሞግሎቢን የወጣው ሄም ነው፤ ሄሙ ሲነካው ይፈነዳል፣ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ያበላሻል። ማለትም ቦምቡን የሚለኩሰው ወባው የበላው የእኛው ደም ነው። ብዙ የበላ ቶሎ ይሞታል። ታዲያ ከዚህ ለማምለጥ ምን ማድረግ ይሻላል?

መጾም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2020 መጀመሪያ ከጀርመን፣ ከሃምቡርግ የበርንሃርድ ኖክት የትሮፒካል ሕክምና ተቋም ቡድን፣ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አንድ ሥራ ወጣ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2012 ነው፤ ወንድሜ ካገገመ ወር ቢሆነው ነው። አርቲሚሲኒንን የሚቋቋሙ ወባዎች ኬልች 13 በተባለ ፕሮቲናቸው ላይ ለውጥ እንዳለባቸው ከ2014 ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ መጀመሪያ የታየውም ካምቦዲያ ነው። ፕሮቲኑ ምን እንደሚሠራ ግን ግልጽ አልነበረም። የሃምቡርጎቹ ያገኙት ይህ ፕሮቲን ወባው ሽፋኑን አጉብጦ ሄሞግሎቢን በሚውጥበት ሥራ ውስጥ እንዳለ ነው። አብረውት የሚሠሩ ሌሎች ፕሮቲኖችንም ለቀሙ። (ክላትሪን ግን ከመሀላቸው የለም፤ ወባ ቅርጫቱን በራሱ መንገድ ነው የሚሰፋው።) ለውጥ ያለበት ወባ የኬልች 13 መጠኑ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሚጎርሰው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሄሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቦምቡ አይለኮስም።

ከሁሉ የሚገርመው ጊዜው ነው። ኬልች 13 ለመጉረስ የሚያስፈልገው በወባው የልጅነት ጊዜ ብቻ ነው፤ ገና ቀለበት መስሎ በሚታይበት ሰዓት። ካደገ በኋላ ያለ እሱም ይበላል። የአርቲሚሲኒን ዘር ደግሞ በደም ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። ስለዚህ ልጁ ወባ አፉን ዘግቶ ይጠብቃል፣ መድኃኒቱ ያልፋል፣ ከዚያ ክርስቲያኑ ይፈታል፣ ሙስሊሙ ያፈጥራል እንደምንለው፣ ቀስ ብሎ መብላት ይጀምራል። ጾሙ ዋጋ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ዕድገቱን ያጓትትበታል። መድኃኒት በሌለበት አገር እንዲህ ያለው ወባ በጥጋበኞቹ ይበለጣል። መድኃኒት ባለበት አገር ጥጋበኞቹ ይሞታሉ፣ ጾመኛው ይቀራል።

ለዚህም ነው «ከፊል መቋቋም» የሚባለው። በአርቲሚሲኒን ያልሞተውን ቀናት የሚቆየው ሉመፋንትሪን ይለቅመዋል፤ ሰውዬው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ምልክቱ አንድ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ታማሚው ሁሉንም ክኒን ውጦ እያለ፣ ደሙ ውስጥ ገና ወባ ይታያል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ የት እንደነበርኩ አስታውሳለሁ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው፤ ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ የተባለው መጽሔት ከኢትዮጵያ የተገኘ ጥናት ያወጣበት ሰሞን። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ የተሰበሰቡ የፋልሲፓረም ናሙናዎች ተመርምረው 8 በመቶ የሚሆኑት ኬልች 13 ላይ ለውጥ ተገኝቶባቸዋል። ለውጡ በ622ኛው ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ የነበረው አርጂኒን በአይሶሉሲን ተተክቷል። ይህንኑ ለውጥ ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የዘገበ ጽሑፍ ከዚያ በፊትም፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ወጥቶ ነበር። ይባስ ብሎ ከነዚህ ለውጥ ካለባቸው ግማሽ ያህሉ በጤና ኬላ የምናውቀው ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን መሥራት አቁመዋል፤ ኪቱ «ነጻ ነህ» ይላል፣ ወባው ውስጥ ተቀምጧል። ኤርትራ ውስጥ ይኸው ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ከነበረበት 8.6 በመቶ በ2019 ወደ 21 በመቶ አድጓል። ሩዋንዳና ኡጋንዳ ደግሞ የየራሳቸው ሌላ ለውጥ አላቸው።

ሰሜን ምዕራብ። የሱዳን ድንበር። መተማ። 2019።

ጽሑፉን ዘጋሁና ወንድሜን አሰብኩ።

አሁን አንድ ነገር ላይ መጠንቀቅ አለብኝ፤ ከአንድ ጥፋት ወደ ሌላ ጥፋት እንዳልዘል። ወንድሜ የያዘው ያ ወባ ነበር? ማንም ሊነግረኝ አይችልም። የዚያን ቀን የደም ጠብታ ብርጭቆ ላይ ታየች፣ ብርጭቆዋ ታጠበች፣ አለቀ። ዘረመሉን ያየው የለም። በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፈዋል፤ መዝገብ እንኳ ልፈልግ ብል የቱን እፈልጋለሁ? ሲጀመር በደሙ የነበረው ወባ እጅግ ብዙ ከሆነ በሦስት ቀን ላያልቅ ይችላል። ክኒኑ በሆነ መጋዘን ሙቀት በልቶት ሊሆን ይችላል። ሊሆን የሚችለው ብዙ ነው፤ ግን «አልዋጥከውም» ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው። እኔና ያ ባለሙያ ግን ሌላውን ሁሉ ዘለን ወደ ሰውዬው ሄድን። ወባ ይለወጣል ብለን ከመጠርጠር ይልቅ ድሃ ይዋሻል ብለን መጠርጠር ቀለለን። እኔ ደግሞ ይብሳል፤ ወንድሜ ነዋ።

ይህን የምለው ወባ ለእኛ የመማሪያ መጽሐፍ ነገር ስላልሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በደጋውና በወይና ደጋው ሳይቀር በተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ያ የአያቶቻችን ነው ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚና 1,157 ሟች ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ ታማሚ ኳርተም እየሠራ ነው። ባይሠራስ? ከመተማ ሰሊጥ ወደ ራያ ማሽላ የሚሄደው ጎረምሳ በየዓመቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ያየውን የሚመዘግብ ካልተገኘ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ደሙ ያልጠራ ሁሉ «አልዋጠም» ተብሎ ይሸኛል፣ ወሬው እዚያው ይሞታል።

ወንድሜ ጋ መደወል ነበረብኝ። ያን ሰሞን መስመሩ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሲገኝ ከሰላምታው በኋላ ቀጥታ ገባሁበት።

«ያን ጊዜ፣ ከመተማ ስትመጣ፣ ኳርተሙን ጨርሰኸው ነበር?»

ዝም አለ። «አሁንም አለቀቀህም?» አለኝ።

«ንገረኝ ብቻ።»

«ሃያ አራቱንም። ወላሂ።»

ነገርኩት። ስለ ሽፋኑ፣ ስለ አፉ፣ ስለ ቦምቡ። ከመሀል አቋረጠኝ።

«ቆይ፣ ወባ አፍ አለው?»

«አለው።»

«እና መድኃኒት ሲመጣበት ጾመ?»

«ጥቂት ሰዓት። አዎ።»

እስኪያስለው ሳቀ። «እኔ መተማ ላይ ዓርብ ረቡዕ ስገድፍ እሱ በሆዴ ይጾም ነበር በለኛ!» በደምህ እንጂ በሆድህ አይደለም ብዬ ላርመው ነበር፤ ተውኩት።

«ይቅርታ» አልኩት።

«ስለ ምኑ?»

«ውሸታም ስላደረግኩህ።»

«አብሽር» አለኝ። «ግን ይሄን ለእማ ንገራት። የከፋት እሷ ናት።»

ስልኩን ሰጣት። ለእሷም ከሀ እስከ ፐ ነገርኳት፤ ስለ ሃምቡርግ ሰዎች ሳይቀር። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«እኔኮ ያን ጊዜም ነግሬህ ነበር» አለችኝ። «ላማችን ነጥፋ ነበር። ወተቱን ከጎረቤት ነው የገዛሁት። ስድስት ኩባያ፤ ለስድስቱም ጊዜ። ልጁ ክኒኑን ባይውጥ ኖሮ ስድስት ኩባያ ወተት ልግዛ?»